ሞት የሌለበት ጠብ

በቃሊቲ ያደገ ሰው አይጥን ከመጽሐፍ አልተማረም። ከሳሪስ ወዲያ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉት የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካዎች፣ በቆርቆሮ የተከደኑት የእህል መጋዘኖች፣ ከአሰብ ወደብ ስንዴ ጭነው የሚመጡ ባለተሳቢ መኪናዎች የሚያድሩባቸው ሰፋፊ ግቢዎች ለሰው የዕለት እንጀራ ምንጭ ሲሆኑ ለአይጥም የአባት ርስት ነበሩ፤ ክረምት ገብቶ የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ጭቃው መንገድ ሲዘጋ፣ ያ ሁሉ ሠራዊት ከመጋዘኑ ተነሥቶ ወደየመኖሪያ ቤቱ ይተምም ነበርና፣ በአያቴ ማጀት የጤፉ ጎታ ተበስቶ ሲገኝ፣ የመሶቡ አለላ ተቈርጥሞ ሲታይ፣ በሣጥን የተቀመጠው የክት ነጠላ ጥለቱ ተበልቶ ሲወጣ፣ ሐዘኑ የቤተ ሰቡ ሁሉ ሐዘን ይሆን ነበር። ስለዚህም በየቤቱ ድመት ነበረ። ድመቱም የሚቀጠር እንጂ የሚወደድ አልነበረም፤ ደመወዙ ከምሳ የተረፈ ፍርፋሪ፣ ማዕርጉም የምድጃ ዳር ነበር።

የድመትንና የአይጥን ጠብ ታሪክ ሆኖ አስቀድሜ የሰማሁት በዚያው ምድጃ ዳር ከአያቴ አንደበት ነው። እምዬ እንደምትነግረን፣ አንዲት ድመት አርጅታ ጥርሷ ቢደክም «ዓለምን ንቄያለሁ፤ ከእንግዲህ ሥጋ የሚባል አልቀምስም» ብላ ቆብ ደፋች፣ መቍጠሪያም ያዘች፤ አይጦችም የምስራቹን ሰምተው ምክር ከተቀመጡ በኋላ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ሊሏት ተሰልፈው ሄዱ፤ መነኵሲቱ ግን ዓይኗን ጨፍና ጸሎት የምታደርስ መስላ ሁሉንም ወደ ውስጥ ካስገባቻቸው በኋላ በሩን ዘጋች። «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው የአበው ብሂል በሸንጎም ሆነ በገበያ ሲነገር፣ ለኛ ለልጆቹ የሚታየን ያ የተዘጋ በር ነበር። ተረቱ ብልህ ነው፤ ስለ ግብዝነት የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከበሩ ወዲያ ምሕረት የለውም። በእምዬ ተረት አይጥ ትሞታለች፤ ለነገ ማታ ሌላ አይጥ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ቶምና ጄሪ ከሚባሉት ከሁለቱ ባላጋራዎች ጋር የተዋወቅነው እንግዲህ ይህን ተረት ጠግበን ከሰማን በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም.፣ ባለ ቀለም ሥዕል ማሳየት የጀመረው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ቢሆንም፣ በመንደራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቈጠር ነበረ፤ ከእነርሱም አንዱ በአሰብ መሥመር ከባድ መኪና የሚነዱ ጎረቤታችን ቤት ነው። ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። በዕረፍት ቀን የልጆች ዝግጅት ሲደርስ፣ ያን ዝግጅት ከ1957 እስከ 1998 ዓ.ም. የመሩት የባሌ ጎባው ተወላጅ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በሚያምር ድምፃቸው ተረት ሲነግሩ ለማየት የመንደሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን ከደጅ አውልቆ በጋሼ ሳሎን ሲሚንቶ ላይ ይኮለኰል ነበር፤ እትዬ ባለቤታቸውም ያን ሁሉ ሕፃን ሳይሰለቹ ቆሎ ያድሉት ነበር። ኋላ ጋሼ ከአንድ ጉዞ ሲመለሱ የቪዲዮ ዴክ ይዘው መጡ፤ ከዴኩም ጋር ጠርዙ በፕላስተር የተያያዘ አንድ ካሴት። በካሴቱ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በውስጡ ግን ስለዚያች ክፍል ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤን የሚያሞቀው ነገር ሁሉ ነበረበት።

ከዚያ ሳሎን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ማንም ግን አስተርጓሚ አልፈለገም። እምዬ እንኳ፣ ያች ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ሥዕል አይታ የማታውቅ ሴት፣ በዱካ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ከሁላችን ቀድማ ትሥቅ ነበር። ምሥጢሩ በአሠራሩ ውስጥ ነው። ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች በካሊፎርኒያ በኤም.ጂ.ኤም. የፊልም ኩባንያ ሲሠሩ፣ በጠቡ ጊዜ ድመትና አይጥ ይናገሩ ዘንድ እጅግም አላስፈለጋቸውም፤ የንግግሩን ሥፍራ ለሙዚቃ ሰጡት፤ ስኮት ብራድሊ የሚባለውም ደራሲ ሙዚቃውን ከእንቅስቃሴው ጋር እያመዛዘነ ስለ ጻፈው፣ ድመቱ በጣቱ ጫፍ ሲረግጥ ክሩ በጣት ይነካል፣ ከደረጃ ሲንከባለል ከበሮው አብሮት ይንከባለላል፣ አይጡ ቆም ብሎ ሲያስብ መሣሪያው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ጅራቱ በበር ሲቀረቀር ቶም የሚያሰማው ያ ጩኸት ደግሞ የሃና የራሱ ድምፅ ነው። ድንጋጤ፣ ተንኰል፣ ትዕቢት፣ ውርደት፣ እነዚህ ሁሉ በሰው ልጅ ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት ፊት አላቸውና፣ በቃሊቲ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ከሠሪዎቹ አገር ሕፃን የሚያንስበት አንዳች ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ፊልም የታየው በየካቲት ወር 1932 ዓ.ም. መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ልቡናዬ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። በዚያ ወራት አገራችን በፋሽስት ወረራ ሥር ነበረች፤ አርበኞቻችን በዱር በገደሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በስደት ላይ ነበሩ፤ አባባ ተስፋዬም ገና የዐሥራዎቹን ዕድሜ ያልጨረሱ ወጣት ነበሩ። በዚያ ፊልም የድመቱ ስም ጃስፐር ይባል ነበር፤ ቶም የተባለው ኋላ ነው። ሃናና ባርቤራ እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞች ሠርተው ሰባት ጊዜ የኦስካር ሽልማት አስገኝተዋል፤ እኛ ግን ይህን አንዱንም ሳናውቅ፣ ሽልማት ያገኘውን ካላገኘው ሳንለይ፣ ሁሉንም በእኩል ፍቅር ተቀበልነው።

ከሁሉ ይልቅ በዓይኔ ላይ የቀረው ግን ሽልማት ካገኙት አንዱ ነው። ቶም ጥቍር ካባውን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በብዙ ሕዝብ ፊት ወደ ፒያኖው ይቀርባል፤ የሃንጋሪውን የሊስትን ራፕሶዲ ይጀምራል። ጄሪ ደግሞ በፒያኖው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ፣ ክሩን የሚመቱት ትንንሾቹ መዶሻዎች ከመኝታው እያነጠሩ ያስነሡታል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ልብ ይባልልኝ የምለው ቶም መጫወቱን አለማቋረጡን ነው። አይጡ በጣቶቹ ላይ ክዳኑን ይጥልበታል፣ ከቁልፎቹ መካከል ወጥመድ ያስቀምጥበታል፤ እርሱ ግን ሥቃዩን ውጦ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንዳቀና፣ አንዳንድ ጊዜም በእግሮቹ ጣቶች ሳይቀር እየታገዘ ዜማውን ከፍጻሜ ለማድረስ ይጋደላል። በመጨረሻም ኃይሉ አልቆ ሲወድቅ ጭብጨባውን የሚቀበለው ጄሪ ነው። ልጆች ሳለን ለጄሪ ጮኽን፤ ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ ግን ልቤ ወደ ቶም አዘነበለ፤ ሸክሙ ከብዶበት ሥራውን በሰው ፊት ያለ እንከን ለመፈጸም የሚታገል የቤተ ሰብ አባት ሁሉ በእርሱ ይታየኛል። ለዘመናት ያልሰለቸ ሥራ ያልሰለቸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ በዕድሜ መካከል ባላጋራውንና ወዳጁን ያለዋውጥልናል።

ቶምና ጄሪ በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ፊቷ የማይታይ፣ እግሯና የቀሚሷ ጫፍ ብቻ የሚታይ አንዲት ጥቍር ሴትም ነበረች። ድምፅዋ ሊሊያን ራንዶልፍ የምትባል ተዋናይት ድምፅ ነበር። መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ ቶም ይንቀጠቀጥ ነበርና፣ ለኛ እርሷ የቤቱ እመቤት ነበረች፤ የቤቱን ሥርዓት የምትጠብቅ፣ ጎታዋ እንዳይበሳ የምትቈጣ፣ እንደ እናቶቻችን ጥቍር የሆነች ባለቤት። በአሜሪካ ግን ይህች ሴት ለነጭ ጌቶች የምታገለግል ገረድ ሆና የተሣለች፣ በጥቍር ሕዝብ ላይ የተጫነውን ንቀት የምታስታውስ በመሆንዋ የጥቍሮች መብት ተከራካሪዎች ተቃወሟት፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለቴሌቪዥን ሲባል በአንዳንዶቹ ፊልሞች ሥዕሏ በነጭ ሴት ሥዕል፣ ድምፅዋም በሌላ ተዋናይት ድምፅ ተተካ። ተቃውሞው ፍትሐዊ ነበር፤ ፈንጂ ፊቱን ሲያጠቍረው ቶም በጥቍር ሰው አምሳል እንዲያስቅ የተደረገባቸው ትዕይንቶችም በእውነት የሚያሳፍሩ ናቸው፤ ይህን የማይናገር ወዳጅ ለሥራው እውነተኛ ወዳጅ አይደለም። ሆኖም በቃሊቲ ሳሎን ውስጥ ለዚያች ሴት የሰጠናትን እመቤትነት አልመልሰውም። በእኛ ዓይን ቤቱ የእርሷ ነበር፤ እንዲህም መሆን ይገባው ነበር።

ስለ ፈንጂው ካነሣሁ የማልዘለው አንድ ቀን አለ። በካሴቱ ውስጥ ፈንጂ የሚፈነዳው ለሣቅ ነበር፤ ጢሱ ሲበተን ድመቱ ጥላሸት ለብሶ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ቀጥሎ ያለው ሥዕል ሲመጣ ጠጕሩም ጢሙም እንደ ነበረ ሆኖ ይገኛል። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በከተማችን ውስጥ የነበረ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ሰው አለቀ፤ በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ የወገኖቻችንን ሥቃይ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ሙሐመድ አሚን በዚያ ዕለት ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያ ባልደረባው ጆን ማታይም ሞተ። የቃሊቲ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ፤ መሬቱም ከእግራችን በታች ሲርድ ተሰማን። የጋሼ ሳሎን ለብዙ ቀን አልተከፈተም። ዳግመኛ ተሰብስበን ካሴቱ ሲገባ፣ ፈንጂው የሚፈነዳበት ሥፍራ ሲደርስ፣ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ጆሯቸውን በእጃቸው ይዘው ጠበቁ፤ ጢሱ ተበትኖ ድመቱ ዓይኑን ሲያርገበግብ ግን ያ ሳሎን ሰምቼ በማላውቀው ሣቅ ተናወጠ። አንዳንድ ሰዎች ልጆች ከዚህ ፊልም የተነሣ የፈንጂን ክፋት ይረሳሉ ይላሉ። እኛ አልረሳንም፤ ፈንጂ ምን እንደሚያደርግ አውቀን ነበር፤ የፈነዳ ነገር የማይገድልበት አንድ ሥፍራ በዓለም ላይ መኖሩን ማየት ግን ያስፈልገን ነበር።

እምዬ ሣቋን አቋርጣ በጥሞና ያየችው አንድ ፊልም ብቻ ነው። ቶም አይጡን ሲያሳድድ ፒያኖ ከደረጃ ተንሸራቶ ይጨፈልቀዋል፤ ነፍሱም ከሥጋው ተለይታ በወርቅ ደረጃ ወደ ላይ ታርጋለች፤ በዚያም ወደ ሰማይ የሚሄድ ባቡር ቆሞ፣ የሟች ድመቶች ነፍሳት ተሰልፈው፣ በራፉ ላይ የተቀመጠው ዘበኛ መዝገቡን እያገላበጠ የእያንዳንዱን ምግባር ይመረምራል። ከሰልፉ መካከል ውኃ የሚንጠባጠብበት ጆንያ ተንከላውሶ ይመጣል፤ ከውስጡም ሦስት ግልገል ድመቶች ይወጣሉ። ማን ወደ ወንዝ እንደ ጣላቸው የተነገረ ነገር የለም፤ ዘበኛው ራሱን ነቅንቆ ያሳልፋቸዋል። ይህን ጊዜ ሳሎኑ ጸጥ አለ። በአቃቂ ወንዝ ዳር ላደገ ልጅ ጆንያው የሚናገረውን ነገር ማስረዳት አያሻም። እምዬ «ወይ ግፍ» አለች።

ቶም ተራው ሲደርስ ግን አልተፈቀደለትም፤ ምስኪኑን አይጥ ሲያሠቃይ ኖሯልና፣ ይገባ ዘንድ አይጡ በይቅርታ ወረቀት ላይ መፈረም አለበት፤ የተሰጠውም ጊዜ አንድ ሰዓት ነው፤ ካልሆነ ከታች የፈላ ጋን አስጥዶ የሚጠብቀው ርኵስ አለ። እምዬ ስለ ፍርድ ቀን የምታውቀው ብዙ ነበር፤ በየወሩ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የመልአኩን የቅዱስ ሚካኤልን ጠበል ጻድቅ ታደርስ ነበር፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ ስለ እመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ ወደ ምሕረት እንዳዘነበለለት ሳታለቅስ ተርካልን አታውቅም። እንግዲህ ያን ሁሉ ይዛ ስታይ፣ አንድ ትልቅ ድመት የነፍሱን ነገር በአንዲት ኢምንት አይጥ ብዕር ላይ ጥሎ ሲለማመጥ፣ ኬክ ሲያቀርብ፣ ሲንበረከክ ብታገኘው፣ ወደ እትዬ ዞር አለችና «እንዲህ ነው እንጂ! የበደሉትን ሳይታረቁ ቍርባን የለ!» አለች። በመጨረሻ አይጡ ፈረመ፤ ግን ሰዓቱ አልፎ ነበርና ድመቱ ወደ ጋኑ ሲወርድ፣ ከምድጃ በተፈናጠረ ፍም ተለብልቦ ከእንቅልፉ ነቃ፤ ሁሉም ሕልም ነበር። ሮጦ ሄዶ አይጡን አቅፎ ሳመው፤ አይጡም የሆነው ነገር አልገባው ብሎ ቀረ። በሚቀጥለው ፊልም ሁለቱ እንደ ወትሮው ይሳደዱ ነበር፤ እምዬም በዚህ ምንም አልተገረመችም።

በልደት ሌሊት የሚሆነውን ሌላውን ፊልም ሳነሣ ደግሞ ይኸው ነገር ይበልጥ ይገለጥልኛል። ቶም አይጡን ወደ በረዶው አውጥቶ በሩን ይዘጋበታል፤ ለብቻው ሲሆን ግን ኅሊናው ይወቅሰዋል፤ ወጥቶ የደረቀውን አይጥ ያመጣዋል፣ በእሳት ዳር ያሞቀዋል፣ የከረሜላ ምርኵዝ ይሰጠዋል። ከዚያም ድመቱ ወተቱን ሊጠጣ ጐንበስ ሲል አይጡ ያስቆመውና፣ በዚያች ምርኵዝ ከወተቱ ሥር አስቀድሞ ደብቆት የነበረውን ወጥመድ ስቦ ያወጣዋል። ይህን በተዘጋው በር ከሚያልቀው ከእምዬ ተረት አጠገብ አድርጌ ስመለከተው፣ የሥራው ዕድሜ ከየት እንደ መጣ ይታየኛል። እምዬ በተረቷ ያላገኘችውን ነገር በካሴቱ አገኘችው፤ ጠብ አለ፣ ጠቡም እውነተኛ ነው፣ ድመት ድመት መሆኑን አይጥም አይጥ መሆኑን አይተዉም፤ ነገር ግን ማንም ለዘለዓለም አይጠፋም፤ በዳይና ተበዳይ ነገም በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉና ወረቀቱን የሚፈርም ሁልጊዜ ይገኛል። በመንደራችን በአጥር ድንበር ጧት ተሰዳድበው ማታ በአንድ ረከቦት ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ዕድርተኞች ናቸውና አንዱ ሌላውን መቅበር እንዳለበት ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለውን ጠብ እናውቀዋለን። በዚያ ዘመን በአገራችን ላይ የነበረው ሌላው ጠብ ግን የሚፈርም አልነበረውም።

ዛሬ የቃሊቲ ስም ሲነሣ ሌላው ሰው የሚያስበው ወኅኒ ቤቱን ነው፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቀላሉ ባቡር የሚያበቃበት ሥፍራ መሆኑን። የአሰብ መሥመር ከተዘጋ ዘመን ሆነው፤ ተሳቢዎቹ ወደ ጅቡቲ ይመላለሳሉ። ሃና በ2001፣ ባርቤራም በ2006 እ.ኤ.አ. ዐርፈዋል፤ አባባ ተስፋዬም በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተለይተውናል። የእኅቴ ልጅ ግን እነዚያኑ ፊልሞች በእጅ ስልክ ያያል፤ ከኔ ይልቅ ብዙ አይቷል፤ ጮኾ ሲሥቅም የጋሼ ሳሎን ይሰማኛል። እናቱ መማታትን ይማራል ብላ ትሠጋለች። ሥጋቷን አልንቀውም፤ ሕፃን ያየውን ይሞክራልና አብሮት የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል፤ እኛም ብቻችንን አላየነውም፣ «ወይ ግፍ» የምትልም፣ «እንዲህ ነው እንጂ» የምትልም እምዬ ነበረችልን። ልጁን ከስልኩ ጋር ብቻውን መተው ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ።

«ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት የአገራችን ሕፃናት በራሳቸው ቋንቋ የተሠራ ነገር ሲያዩ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው አሳይቶናል። እንግዲያስ መነኵሲቱ ድመት የማትሣልበት ምክንያት ምንድን ነው? በማሲንቆና በዋሽንት ታጅባ፣ ቆቧን ስታስተካክል ማሲንቆው ዝቅ ብሎ እየተነጫነጨ፣ አይጦቹ በሰልፍ ሲገቡ ከበሮው በቀስታ እየተመታ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነውን ግን ሠዓሊው እንደ ገና ያስብበት፤ ከአይጦቹ አንዷ የምትፈርመው ወረቀት ይኑር። በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል በዓይን ፊት ያልፋል፤ ለሰባት ደቂቃ ፊልም ከ10,000 በላይ ማለት ነው። ዛሬ ሥራውን ኮምፒዩተር ያቀልላል፤ እጃቸው የሠለጠነ ወጣቶችም በከተማችን ሞልተዋል። የሚጀምር ሰው ካለ፣ ተረቱን እምዬ እንደ ነገረችኝ አድርጌ፣ ከድምፅዋ ጋር፣ እነግረዋለሁ።